ጥሩ ምዕራፍ፣ የተበተነ ሕግ፦ የሐሰተኛ ሰነድ ድንጋጌዎቻችን ሲመዘኑ

ሕግ ለክስና ለመከላከያ ይነበባል እንጂ እንደ ድርሰት ሲመዘን እምብዛም አይታይም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) ከአንቀጽ 375 ጀምሮ ስለ ሐሰተኛ ሰነድ የደነገገው ክፍል ግን በአወቃቀሩም፣ በቋንቋውም፣ በዓላማውም ሂስ የሚገባው ሥራ ነው። የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ አንድ ነው፤ በምዕራብ ሐረርጌ ከበደሳ ገበያ እስከ ጭሮ ችሎት ሰነድ ይዞ ለሚቆም ሰው በሚገባና በሚያገለግል መልኩ ተጽፏል ወይ?

ክፍሉ ረዥም የትውልድ ሐረግ አለው። የሮማው ሱላ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ81 ዓመት ባወጣው ሕግ በኑዛዜና በገንዘብ ላይ የሚፈጸመውን ሐሰት ለይቶ ቀጥቷል። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወጣው በ1923 ዓ.ም. ነው። ይህ ዓመት ለምዕራብ ሐረርጌ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ አሰበ ተፈሪን (የዛሬዋን ጭሮ) የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት ሕገ መንግሥትም የታወጀው በዚያው ዓመት ነው። የዛሬው ክፍል መሠረት ግን ስዊሳዊው ዣን ግራቨን በፈረንሳይኛ ያረቀቀውና በ1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የ1949ኙ ሕግ ነው። የ1996ቱ አርቃቂዎች የዚያን ሕግ መዋቅር በአብዛኛው አልነኩትም፤ ደግ አደረጉ።

መዋቅሩ በእርግጥም የሚደነቅ ነው። ሕጉ የወረቀት ዓይነት በመቁጠር አይጀምርም። ሕጋዊ ውጤት ያለውን ነገር የሚያስረዳ ወይም ሊያስረዳ የሚችል ማናቸውም ጽሑፍ በጥበቃው ሥር ይገባል። ቀጥሎ የሐሰቱን መንገዶች ይለያል፤ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት፣ የሌላውን ጽሕፈት፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ማስመሰል፣ እውነተኛውን ሰነድ መለወጥ። ሠሪውንና በሐሰተኛው ሰነድ የሚገለገለውን በተለያየ አንቀጽ ያያል። የዚህን አካሄድ ዋጋ የምናውቀው ሌላው አገር የከፈለውን ስናይ ነው። እንግሊዞች በ18ኛው ምዕተ ዓመት ለባንክ ኖት፣ ለኑዛዜ፣ ለዕዳ ሰነድ እያሉ ለየብቻው ሕግ ያወጡ ነበር፤ ብዙዎቹም በሞት ያስቀጡ ነበር። ቄስ ዊልያም ዶድ እ.ኤ.አ. በ1777 የተሰቀለው ከመኳንንቱ በአንዱ ስም ሐሰተኛ የዕዳ ሰነድ በመሥራቱ ነው። የተበታተኑት ሕጎች ወደ አንድ የተሰበሰቡት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እኛ ይህን ጣጣ በአንድ ረቂቅ አለፍነው።

ድንጋጌውን በተግባር እንፈትነው። በደሳ ላይ ሁለት ሰዎች የቡና ሽያጭ ውል ተዋዋሉ እንበል፤ ሻጩ በጣት አሻራው ፈርሟል። ገዢው ኋላ «10 ኩንታል» በሚለው ላይ አንድ ዜሮ ቢጨምር ውሉ ከመነሻው እውነተኛ መሆኑ አያድነውም። ወንድሙም ነገሩን እያወቀ ያንኑ ውል ለፍርድ ቤት ቢያቀርብ በአንቀጽ 378 ይጠየቃል፤ ሳያውቅ ቢያቀርብ ግን አይጠየቅም። የጓደኛውን የእጅ ጽሕፈት ለቀልድ ብቻ ያስመሰለ ሰውም በአንቀጽ 375 አይያዝም፤ ሌላውን የመጉዳት ወይም የማይገባ ጥቅም የማግኘት ሐሳብ የለበትምና። ወንጀለኛውን ከተላላው፣ አታላዩን ከቀልደኛው በእንዲህ ያለ ጥንቃቄ መለየት የጥሩ ሕግ ሙያ ነው።

ቋንቋው ላይ ስንደርስ አድናቆቱ ይቀዘቅዛል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ነው። ሕጉ ደግሞ የሐሳቡን ዓይነት፣ የሰነዱን ዓይነትና የማስመሰያውን ስልት በ«ወይም» እያያያዘ ስለሚደረድር፣ አንባቢው «ይቀጣል» ላይ እስኪደርስ መነሻው ይጠፋዋል። በፊደል የተከፋፈሉት ንዑሳን አንቀጾች ችግሩን ቢያቀሉትም አያስወግዱትም። ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በምዕራብ ሐረርጌ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ የሕጉ የመጨረሻ ሥልጣን ያለው ቅጂ ደግሞ የአማርኛው ነው። በአማርኛ የተጠላለፈ ዓረፍተ ነገር በችሎት በሌላ ቋንቋ ሲብራራ ይብስ ይጠላለፋል።

ከቋንቋው የከፋው ግን ከ1996 ወዲህ የመጣው መበታተን ነው። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የመንግሥትንና የሕዝባዊ ድርጅትን ሰነድ ወደ ሐሰት መለወጥን በአንቀጽ 23 ለብቻው ደነገገ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ በኮምፒውተር ዳታ ላይ የሚፈጸመውን ሐሰት በአንቀጽ 9 ያዘ። ለፍትሐዊነት ያህል፣ ሁለቱም ምክንያት አላቸው፤ የሙስናው መስፋፋትም ሆነ የዲጂታሉ መረጃ የ1949ኙ አርቃቂ ሊገምተው የሚችል አልነበረም። ሆኖም ሕዝቡ «ፎርጅድ» የሚለው ዲግሪ በኮምፒውተር ተሠርቶ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲቀርብ ሦስት ሕጎች ይሻሙበታል። ምርጫው ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ቀላል እስራት በመርህ ደረጃ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ሲሆን፣ ጽኑ እስራት ከ1 እስከ 25 ዓመት ሊደርስ ይችላል። ተከሳሹ የሚጠብቀውን ቅጣት ከድርጊቱ ይልቅ ከክሱ አንቀጽ ማንበብ ከጀመረ፣ የክፍሉ ትልቁ ብቃት የነበረው አንድነት ተሸርሽሯል ማለት ነው።

በጥቅሉ ክፍሉ በዓላማው የጠራ፣ በመዋቅሩ የጸና፣ በዓረፍተ ነገሩ የከበደ፣ በኋለኞቹ አዋጆች የተበተነ ሥራ ነው። ጥንካሬው ከድክመቱ ያመዝናል፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው እንደገና መጻፍ ሳይሆን ማረምና መሰብሰብ ነው። ሕግ አውጪው ሦስቱን ሕጎች ወደ አንድ ምዕራፍ ይመልስ፤ ዓረፍተ ነገሮቹንም የበደሳው ገበሬ ሲነበብለት እንዲገባው አድርጎ ያሳጥራቸው።