ከሙሽራዋ ጀርባ ያለው ውሃ

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው የረሃብ ምስል በቢቢሲ ከተላለፈ በኋላ፣ ዓለም ኢትዮጵያን የሚያይበት ዓይን ለዓመታት እዚያው ኮረም ላይ ተተክሎ ቀረ። ብራዚላዊው ፎቶ አንሺ ሰባስቲያኦ ሳልጋዶም እ.ኤ.አ. በ1984 ኮረም መጠለያ ውስጥ ነበረ፤ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎቹ ዛሬም በየአዳራሹ ይሰቀላሉ። የአሚን ምስል ዓለምን አስደንግጦ እርዳታ አስመጥቷል፤ ይህ ውለታ አይካድም። ይሁን እንጂ ሁለቱም ያነሡት ሕይወት የተቋረጠበትን ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በመጠለያው የወደቀውን ገበሬ በእግሩ ያቆመው ምን ነበር? ጎተራው፣ ጥማድ በሬው፣ የበልጉ ዝናብ፣ የምንጩ ውሃ፣ ጎረቤቱ። እነዚህ ሁሉ ሳሉ ፎቶ ሊያነሣቸው አውሮፕላን ተሳፍሮ የመጣ የለም።

ነገሩ የሁለት ሰዎች ጥፋት ሳይሆን የፎቶግራፍ ጠባይ ነው። ካሜራ ቅጽበት ይወዳል። ሕይወትን የሚያቆየው ነገር ግን ቅጽበት የለውም፤ በየቀኑ ይደጋገማል፣ ስለሚደጋገምም ልብ አይባልም። በፎቶግራፍና በዘላቂነት ላይ የሚያተኩረው የስዊዘርላንዱ ፕሪ ፒክቴ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀመር የመጀመሪያ ርዕሱ «ውሃ» ነበር። ያሸነፈው ካናዳዊው ቤንዋ አኬን ይዞ የቀረበው የቻይናን አቧራ ነው። በቀጣዩ ዙር ርዕሱ «ምድር» ሆነ፤ ናዳቭ ካንደር የያንግትዜን ወንዝ ተከትሎ በሠራው ሥራ አሸነፈ። ውሃ ሲጠየቅ አቧራ፣ ምድር ሲጠየቅ ወንዝ! ዳኞቹ ግን አልተሳሳቱም። ውሃ ጎልቶ የሚታየው ሲጠፋ ነው።

ጥያቄውን ከዓለም መድረክ አውርዶ ሐዋሳ ፒያሳ ላይ ማቆም ይበጃል። በዚህ ሰፈር ያሉ ፎቶ ቤቶች ዛሬ እንጀራቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው ከጉርድ ፎቶ ነው። ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለሥራ ማመልከቻ የሚሆን ያነሣሉ፤ ጎን ለጎን ፎቶ ኮፒ ያደርጋሉ፣ በላሚኔት ይለብጣሉ፣ ደንበኛው በስልኩ ያነሣውን ያትማሉ። ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃና የፕላስቲኩ አበባ ዘመናቸው አልፏል። ሠርግ ግን አሁንም የባለሙያ ነው። በሠርግ ወቅት ያጌጡት መኪኖች ክላክስ እያሰሙ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ፍቅር ሐይቅ ወይም አሞራ ገደል ሲደርሱ ሙሽራዋ ትወርዳለች፣ ቬሎዋ ይዘረጋል፣ ሚዜዎቹ ይሰለፋሉ፣ ፎቶ አንሺው «ትንሽ ወደ ግራ፣ አገጭሽን ቀና» እያለ ያስተካክላል። ሐይቁ ከጀርባ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ይነሣል፦ ስለ ሐዋሳ ሐይቅ እጅግ ጠቃሚ የሆኑት ፎቶዎች ሐይቁን ለማንሣት ታስበው ያልተነሡት ናቸው።

ሐይቁ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ትንሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። በምድር ገጽ ላይ መውጫ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የሚመጣው ከጨለለቃ ነው። ጨለለቃ ራሱ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ረግረግና ግጦሽ ሆኗል። ቀድሞ ጨለለቃ ላይ የሚዘቅጠው ደለል አሁን ወደ ታች የሚሄድበት መንገድ ሰፋ ማለት ነው። መውጫ የሌለው ሐይቅ ደግሞ የተቀበለውን አይመልስም፤ ውሃው ይተናል፣ አፈሩና ቆሻሻው ይቀራል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን ወደ ውጭ ሳይለቅ እያጣራ መልሶ የሚጠቀምበት ሥርዓት የተገጠመለት ያለ ምክንያት አይደለም። የሐይቁ ዓሣ ቆሮሶውም ሌላ ጣጣ አለበት፤ ቀዳዳው የጠበበ መረብ ገና ያላደገውን ጭምር ጠርጎ ያወጣል። አሞራ ገደል ላይ ዓሣ ሲገፈፍ አንጀቱን ለመቀማት የሚሻሙትን አባ ኮዳዎች የማያነሣ ጎብኚ የለም። መረቡን ያነሣ ግን ስንት ነው?

የሐይቁ ችግር ደለልና ቆሻሻ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሞልቶ ወደ ከተማዋ ሲገፋ በዳርቻው ግድብ ተሠራለት፤ ያ ግድብ ዛሬ የምሽት መንሸራሸሪያ ነው። አሁን ከግድቡ በፊት የተጋቡ ባልና ሚስት አልበም ከሳጥን ወጥቶ ልጃቸው ከተዳረችበት አልበም ጎን ይቀመጥ እንበል። በሁለቱ መካከል ቬሎው ተቀይሯል፣ የጸጉሩ አሠራር ተቀይሯል፣ የባልየው ሱሪ ጠቧል። ቤተሰቡ የሚስቀው በዚህ ነው። ከትከሻቸው በላይ ግን ዳርቻው የት እንደነበረ፣ ቄጠማው እስከየት እንደሚደርስ፣ ሾላው ከውሃው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የጀልባዎቹ ብዛት፣ በማዶው ተራራ ላይ ያለው የዛፍ ሽፋን ተመዝግቧል። ፎቶ አንሺው ይህን ለመመዝገብ አላሰበም፤ የማንንም ክርክር ለመደገፍ ብሎ ስላልመረጠው ደግሞ ምስክርነቱ ይበልጥ ይታመናል።

ይህ ምስክርነት አሁን እየደበዘዘ ነው፤ ቃል በቃል። በሐዋሳ ፀሐይ የፊልም ካሜራ የያዘው ፎቶ አንሺ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቦ ስለሚያነሣ ከፊት ያለውም ከኋላ ያለውም ጥርት ብሎ ይወጣ ነበር። የዘመኑ ስልክ «ፖርትሬት» የሚለው አነሣሥ ግን ፊቱን ለይቶ ጀርባውን በሶፍትዌር ያደበዝዛል፤ ውድ የሆኑት ሌንሶችም የሚፈለጉት ይህንኑ እንዲያደርጉ ነው። ሙሽራዋ ታምራለች፣ ሐይቁ ሰማያዊ ጭጋግ ይሆናል። አልበም አቀናባሪው ሲጨመርበት ጀርባው ጭራሽ ተቆርጦ በምትኩ ከኢንተርኔት የወረደ ባሕር ዳርቻ ይገባል። ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው የሌላ አገር ውሃ ተውሶ መዳሩ ያስቃል፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን አያስቅም።

ከዚህ በተቃራኒው ጫፍ ላይ የቆመችው አይዳ ሙሉነህ ናት። አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ በዋሽንግተን ፖስት ሠርታ ወደ አገሯ የተመለሰችው አይዳ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሥርታለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ዋተርኤይድ ስለ ውሃ እጦት እንድትሠራ ሲጋብዛት፣ እንደ ልማዱ ጉድጓድ ዳር የተሰለፉ ሴቶችን አላነሣችም። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው ዳሎል ወርዳ በቀይና በሰማያዊ የደመቁ፣ ፊታቸው የተቀባ ሴቶችን በጨውና በድኝ ምድር ላይ አቆመች። በእሷ ፎቶ ጀርባው በአጋጣሚ የገባ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቀለም ታስቦበት የተቀመጠ ነው።

ያተረፈችው ግልጽ ነው። ሴቲቱ የምታሳዝን ተረጂ አይደለችም፤ ፍሬሙን ትገዛዋለች፣ ተመልካቹን ታፈጥጥበታለች። ከኮረም ወዲህ በውጭ ሰው ዓይን ውስጥ የተቀመጠውን ምስል ለመንቀል ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል ይህን የሚያህል ጥቂት ነው። የከሰረችውም አለ። ዳሎል ማንም ሴት ማለዳ ተነሥታ ውሃ የማትቀዳበት ምድር ነው። የትኛው ምንጭ፣ የስንት ሰዓት መንገድ፣ ፓምፑ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል የሚለው ጥያቄ በዚያ ውበት ውስጥ ቦታ የለውም። ሥራው ክብርን ይመልሳል፣ ጊዜን ግን አይዝም። ለንደን በሚገኘው ሶመርሴት ሐውስ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲታይ የተመለከተው ሰው ውሃ አስፈላጊ መሆኑን ሳይሆን ሴቲቱ ግርማ እንዳላት ይዞ ቢወጣ አይፈረድበትም። ምናልባት አይዳም የፈለገችው ይህንኑ ነው።

ጊዜን የያዘው ሌላ መንገድ ነው፤ ተመልሶ መምጣት። ሳልጋዶ ራሱ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ከኮረም ሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ «ጄኔሲስ» ብሎ በሰየመው ሥራው፣ ሰው ገና ያላበላሸውን ምድር ፍለጋ ሲዞር፣ ከላሊበላ ተነሥቶ በሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች በእግሩ ተጉዟል። ሁለቱን ዘመን አጠገብ ለአጠገብ ያየ ሰው ፎቶ አንሺው ጥያቄውን እንደቀየረ ይረዳል። በመካከሉ ብራዚል ውስጥ አባቱ የተዉለትን የተራቆተ የከብት እርሻ ከባለቤቱ ከሌሊያ ጋር ደን አልብሶታል፤ ኢንስቲቱቶ ቴራ ያሉት ተቋም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ሲያርፍ ከፎቶዎቹ እኩል የተወራው ስለ ዛፎቹ ነበር። የተራሮቹ ፎቶዎች ግን፣ እውነት ለመናገር፣ አንድ እንከን አለባቸው፤ በጣም ከማማራቸው የተነሣ እነዚያን ገደላ ገደሎች ያረሱትና እርከን የሠሩባቸው ሰዎች እንደ ድንጋዩ የተፈጥሮ አካል ይመስላሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው የመመለስ ሥራ በፎቶ አንሺ ሳይሆን በመሬት አጥኚዎች የተሠራ ነው። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች በመንገዳቸው ያለውን መልክዓ ምድር ፎቶ አንሥተው ነበር። የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እነዚያን ፎቶዎች ይዘው ከ140 ዓመት በኋላ እዚያው ቦታ፣ በዚያው አቅጣጫ ቆመው ደግመው አነሡ። ውጤታቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ሲታተም ብዙዎች ያልጠበቁት ሆነ። ሕዝቡ ብዙ እጥፍ ጨምሮም እንኳ በበርካታ ቦታዎች የዛፉ ሽፋንና የአፈሩ ጥበቃ ከ1860ው የተሻለ ነበር። እርከኑ፣ ከብት እንዳይገባበት የተከለለው ተራራ፣ ገበሬው በየዓመቱ የደረደረው ድንጋይ በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ባለው ልዩነት ብቻ ታየ። «አገሩ በሙሉ ደን ነበር፣ እኛ ጨረስነው» የሚለው የተለመደ ትረካ በዚህ ልዩነት ተፈተነ። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ እነዚያ ቦታዎች ደግመው መነሣት ይገባቸዋል።

የእንግሊዙ መሐንዲስ ስለ ትግራይ ዛፍ አልተጨነቀም፤ የሚያነሣው ለጦሩ ነው። ፎቶው የጠቀመው ሌላ ሰው ሌላ ጥያቄ ይዞ ስለተመለሰበት ነው። የሐዋሳ ሠርግ አልበምም ከዚህ አይለይም።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ፣ ጎንበስ ብሎ ችግኝ ሲያስቀምጥ ያልተነሣ ባለሥልጣን አልነበረም ማለት ይቻላል። በዓመቱ፣ በሁለት ዓመቱ እዚያው ጉድጓድ ዳር ተመልሶ የተነሣ ፎቶ ቢፈለግ ግን ያን ያህል አይገኝም። ችግኙን የሚያቆየው ውሃ ያጠጣው እጅ ነው፤ ለዚያ እጅ ካሜራ አልተጠራም።

ሐዋሳ ላይ ይህ ክፍተት በየዓመቱ የበዓል አደባባይ በሆነው ጉዱማሌ ውስጥ ይታያል። አያንቶዎች ከዋክብትንና ጨረቃን አይተው ቀኑን የሚቆርጡለት የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የበዓሉ ፎቶዎች ጭፈራውን፣ ልብሱን፣ ጋሻውን፣ በወተትና በቅቤ የሚቀርበውን ቡርሳሜ ያሳያሉ። በዚያው በዓል የጎሳ መሪዎች ሕዝቡን ይመክራሉ፤ ሥራ ውደዱ፣ ሽማግሌ አክብሩ፣ አትስረቁ፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ ይላሉ። ዛፍ አለመቁረጥ እንዴት ይነሣል? ያልተቆረጠው ዛፍ እዚያው ነው፤ ጨፋሪዎቹ ከሥሩ ተሰብስበዋል፣ የፎቶ መግለጫው ግን ስለ እሱ አንድ ቃል የለውም።

እንግዲህ ሐዋሳ ፒያሳ ላይ ምን ይደረግ? አዲስ አበባ ላይ የተደረገ ምሳሌ አለ። ፊሊፕ ሹትዝ፣ ወንጌል አበበና ናፍቆት ገበየሁ ከየቤተሰቡ የተሰበሰቡ የድሮ ፎቶዎችን «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል መጽሐፍ አሳትመዋል። በዘይት ቀለም አለርጂ ምክንያት ሠዓሊነቱን ትቶ ካሜራ የያዘው ሚካኤል ጸጋዬም በመፍረስና በመገንባት ላይ ያለችውን ከተማ ተከታትሎ አንሥቷል። የሐዋሳው ግን ከናፍቆት ያለፈ ጥቅም ሊሰጥ ይችላል፤ ፎቶው ከውሃው ከፍታ ልኬት ጋር ይመሳከራልና። ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የድሮ ሕትመት ጀርባ ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ይኖራል፤ ቀኑ ካልተጻፈበት ሙሽራዋ የሠርጓን ቀን ታስታውሳለች፤ የቆሙበትን ቦታ ደግሞ ከማዶው ተራራ ቅርጽ መለየት ይቻላል። ይህን ሊሠራ የሚችለው ዩኒቨርሲቲም እዚያው ከተማ ነው።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። የሰው ሠርግ የግል ሀብት ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይገለጥም። እርግጥ ተመራማሪው የሚፈልገው ከሙሽሮቹ ግራና ቀኝ የተረፈውን ነው፣ ቤተሰቡ ደግሞ መሃሉን፤ ፊቱ ተሸፍኖ ዳርቻው ብቻ ቢቀዳ ብዙዎቹ እሺ ሳይሉ አይቀሩም። ከቤተሰቡ ይልቅ የሚከብደው ኔጋቲቩ ነው። ፎቶ ቤት ኪራይ ሲጨምርበት ይዛወራል፣ ባለቤቱ ሲያረጅ ይዘጋል፣ ልጆቹ ሱቁን ለሞባይል መሸጫ ያከራያሉ፤ ሲዘዋወሩ በመጀመሪያ የሚጣለውም ያ አቧራ የጠጣ የፊልም ካርቶን ነው።