አሥር ፍሬ ቦሎቄ

ሐኪሟ ከጋዋኗ ኪስ ቦሎቄ አወጣች። አሥር ፍሬ፣ ቀይ፣ ደረቅ። ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሶዶ ነን፤ ከመስኮቱ ውጭ የዳሞታ ተራራ ግማሽ ጎኑን ጉም ለብሷል። ወጣቱ ከእናቱ ጋር መጥቷል። ክሎርፕሮማዚን የሚባለውን መድኃኒቱን ካቆመ ሁለት ወር ሆኖታል፤ በጆሮው የሚሰማቸው ድምፆችም ተመልሰዋል።

የሚነጋገሩት በወላይትኛ ነው፤ አጠገቤ የተቀመጠው ነርስ ይተረጉምልኛል። «ለምን ተውከው?» አላለችውም። «ስትወስደው ምን ያስቸግርህ ነበር?» አለችው። መልሱን እናትየው ሰጡ፦ «ይርበዋል፣ ዶክተር። ለአራት ሰው የቀቀልኩትን ስኳር ድንች ብቻውን ጨርሶ ገና አልጠገብኩም ይላል።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የቡታጅራ ጥናትም የስኪዞፍሬንያ ታማሚዎች መድኃኒት ከሚያቋርጡባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው እንደሆነ ጽፏል፤ ክኒኑ የሚቀሰቅሰው ረሃብ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚበላ ማጣት። የመድኃኒቱ ወረቀት «የምግብ ፍላጎት መጨመር» ብሎ ያልፈዋል።

መድኃኒቱን በሃሎፔሪዶል ልትቀይርለት አሰበች። በእሱ ረሃቡ ይቀላል፤ መገታተሩና መንቀጥቀጡ ግን ይብሳል። ይህንን አልሸፈነችም። «የጎንዮሽ ጉዳት» የሚለውን ቃል ሳታነሣ የራሷን አንገት ወደ ትከሻዋ አጣምማ አሳየችው። «እንዲህ ቢጠመዘዝብህ፣ ወይም ዓይንህ ወደ ላይ ተሰቅሎ ቢቀር፣ በሽታው አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው። ሌሊትም ቢሆን ና፤ በመርፌ ይለቅሃል።» እንቅልፉ በቀናት፣ ድምፆቹ በሳምንታት እንደሚሻሻሉም ለየብቻ ነገረችው። ሳምንታቱን ቀናት ብሎ የጠበቀ ሰው በአምስተኛው ቀን ተስፋ ይቆርጣልና።

ከዚያ ወደ ቦሎቄው። አሥሩን በአንድ መስመር ደረደረች። «አሥር ሰው ሳያቋርጥ ቢወስድ፣ በዓመት ውስጥ ሦስቱ ያህል ያገረሽባቸዋል።» ሦስቱን በጣቷ ገፋች። መልሳ ሰበሰበችና እንደገና ደረደረች። «አሥሩም ቢያቆሙ፣ ስድስቱ።» ስድስት ገፋች። ልኩን አልሳተችም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የብዙ ጥናቶች ድምር 27 እና 64 ከመቶ ይላል። እኔን የያዘኝ ግን ሦስቱን አለመደበቋ ነው። ደግሞም ሁለቱንም ጊዜ የደረደረችው ያንኑ አሥር ፍሬ ነበር፤ ዓይን ለማወዳደር አይቸገርም።

«ለታላቅ ወንድምህ እንዴት ትነግረዋለህ?»

ወጣቱ ፍሬዎቹን ወደ ራሱ ሳበ። ሦስት ገፋ። ሰብስቦ ደረደረ። ስድስት ገፋ፣ ትንሽ አሰበና አንድ ጨመረ። ሐኪሟ ሰባተኛዋን ፍሬ በአንድ ጣቷ ወደ መስመሩ መለሰችለት።