የድድ ንቅሳትና የምላስ ብረት

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ጥርስ የሚያክም ሰው ሁለት ዓይነት የአፍ ጌጥ ያያል። አንዱ የእናቶቻችን ነው፤ በመርፌ ተወግቶ የጠቆረ ድድ። ሌላው የወጣቶች ነው፤ ምላስን ወይም የታችኛውን ከንፈር በስቶ የገባ ብረት። "አያቴም እኮ ድዷን ተነቅሳለች፤ ምን ሆነች?" ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነውና መልስ ይገባዋል።

የንቅሳት ዋና አደጋ በመወጋቱ ዕለት ነው። አንድ መርፌ ለብዙ ሰው ከዋለ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤችአይቪም ሊተላለፉ ይችላሉ፤ ድዱም ሊያመረቅዝ ይችላል። ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚቀረው ቀለም ነው። ቀለሙ የታመመ ድድ መቅላቱን ስለሚሸፍንብኝ፣ ሲነካ መድማቱን አይቼ እለያለሁ። ጥርስ ግን አይገፋም፤ ድድም አይፍቅም።

ብረቱ ያንኑ የመወጋት አደጋ ይዞ ይመጣል፤ ከዚያም እዚያው ይቀመጣል። ስናወራም ስንውጥም ከጥርስና ከድድ ጋር ይፋተጋል። ስለዚህ ምላሱን የተበሳ ሰው ሲመጣ ቀድሜ የማየው የታችኞቹን የፊት ጥርሶች ከውስጥ በኩል ነው፤ ከንፈሩን ከተበሳ ደግሞ ከንፈሩን ገልጬ ከውጭ። ድዱ ሸሽቶ የጥርሱ ሥር ከተገለጠ በሚሊ ሜትር ለክቼ እመዘግባለሁ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ የማወዳድረው ከዚያ ጋር ነው። ብረቱን መንከስ የለመደ ሰው ጥርሱን ስለሚሸርፍ የመንጋጋ ጥርሶቹንም ለስንጥቅ እፈትሻለሁ። ድድ ሲሸሽ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ታካሚው የሚዘገየውም ለዚህ ነው። የሸሸ ድድ ደግሞ በራሱ ተመልሶ አያድግም። ለመሸፈን ብዙውን ጊዜ ከላንቃ ሥጋ ወስዶ መስፋት ያስፈልጋል።

በደቡብ ኦሞ የሙርሲ ሴቶች የከንፈር ገል ሲያደርጉ የታችኞቹ የፊት ጥርሶቻቸው ይወጣሉ። ጌጡና ጥርሱ ቦታ እንደሚሻሙ እዚያ የታወቀ ነው። የእኛ ወጣቶች ሁለቱንም አብረው ለማኖር ይሞክራሉ፤ የሚጎዳው ጥርሱ ነው።

ያልተበሳችሁ አትበሱ። ትናንት የተበሳችሁ፣ ምላሳችሁ አብጦ መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገራችሁ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ከተበሳችሁ የቆያችሁ ደግሞ ሕመም አትጠብቁ፤ ኑና ድዳችሁ ይታይ። ብረቱን አውጥቶ ንጽሕናውን የጠበቀ ሰው የቀረውን ድድ ያተርፋል።