ሳይቀምሱ መምረጥ፤ ስለ 9ኛና ስለ 10ኛ ክፍል የምርጫ ትምህርት የቀረበ ትችት

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚናገርበት ክፍል ከጥቂት መስመሮች አይበልጥም። የመጀመሪያው እርከን፣ ይኸውም 9ኛና 10ኛ ክፍል፣ ተማሪው ለከፍተኛ ትምህርት፣ ለሙያ ሥልጠና ወይም ለሥራ ዓለም ያለውን ዝንባሌ ለይቶ የሚያውቅበት ጊዜ እንዲሆን ያዛል፤ ሁለተኛው እርከን፣ 11ኛና 12ኛ ክፍል፣ የሚያጠናውን የሚመርጥበት ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ከዚህ ቡለቲን አንባቢዎች መካከል የሚነቅፈው ይኖራል ብዬ አልገምትም። ነገር ግን ይህን ቃል ይዘን ወደ ክፍሉ ፕሮግራም ስንሄድ አንድ ጥያቄ ይገጥመናል። ተማሪው በእነዚያ ሁለት ዓመታት ዝንባሌውን የሚያውቀው ምን ሞክሮ ነው? ከቋንቋ ትምህርት ልዩነት በቀር በ9ኛና በ10ኛ ክፍል የነበረው ትምህርት ለሁሉም አንድ ነበር። አንዱን ትቶ ሌላውን የሚይዝበት ክፍለ ጊዜ አልነበረውም።

ያን ፖሊሲ የማነሣው ያለፈውን ለመውቀስ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በሌላ ፖሊሲ ተተክቷል፤ ጉድለቱ ግን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ተሻግሯል ብዬ አምናለሁ። ምሳሌዎቼን ከአዳማና ከስምጥ ሸለቆው ከተሞች፣ ከመቂ፣ ከባቱና ከሻሸመኔ፣ የምወስድበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ እኔም ሆንኩ ብዙዎቹ የክፍል ጓደኞቼ ከዚያ መምጣታችን ነው። ሁለተኛው፣ በእነዚህ ከተሞች ሥራ የሚባለው ነገር በየመንገዱ ዳር በዓይን የሚታይ ስለ ሆነ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥና በውጭ ባለው መካከል ያለው ርቀት በቀላሉ ይለካል።

አስቀድሞ የነበረውን እንመልከት። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የትምህርትና ሥነ ጥበብ ሚኒስቴር ከአሜሪካ የተቀዳውን የኮምፕሬሄንሲቭ ትምህርት ቤት ሐሳብ ወደ አገራችን አስገባ። በዚህ ሐሳብ መሠረት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሒሳብና ከሳይንስ ጐን የንግድ ሥራ፣ የእንጨትና የብረት ሥራ፣ የቤት አያያዝና እርሻ በአንድ ግቢ ያስተምራል። በዚያ ዘመን በናዝሬት የተማሩት አጎቴ ስለ ታይፕ መኪናው ክፍል ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ኋላ የተቀጠሩት በሒሳብ ሹምነት ነው፤ መዝገብ አያያዝ እንደሚስማማቸው ግን ያወቁት በዚያ ክፍል እንደ ነበረ ይናገራሉ። እንጨት ሥራንም ሞክረው እንደማይሆንላቸው ያወቁት እዚያው ነው፤ ይህም ቢሆን ትንሽ ዕውቀት አይደለም።

የሆነ ሆኖ ያን ዘመን በናፍቆት ብቻ ማየት አይገባም። ወላጁም ተማሪውም ዓይኑን የሚጥለው በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ስለ ነበር፣ የእጅ ሥራው ክፍል ለደካማ ተማሪ የተተወ ቦታ ሆኖ ይታይ ነበር። ዕቃውም ውድ፣ መምህሩም ብርቅ ነበር። ደግሞም ምርጫ የሚባለው ለሴት ልጅ አስቀድሞ ተመርጦ ነበር፤ እሷን የቤት አያያዝ፣ ወንዱን ወርክሾፕ ይጠብቀው ነበር። ይህን ሁሉ ተቀብለን ግን አንድ ነገር ይቀራል። የ15 ዓመት ልጅ አንድን ትምህርት በእጁ ነክቶ፣ ይስማማኛል ወይም አይስማማኝም የሚልበት ሰዓት በፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፎ ነበር።

በነገራችን ላይ በናዝሬት ይህን ዕድል የሚሰጠው መንግሥት ብቻ አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሜኖናይት ሚሲዮን በከፈተው ሆስፒታል፣ ኋላ በኃይለ ማርያም ማሞ ስም በተጠራው፣ የድሬሰር ሥልጠና ይሰጥ ነበር፤ በ1959 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያው ሚሲዮን ናዝሬት ባይብል አካዳሚ የተባለውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ እሱም በ1982 እ.ኤ.አ. በደርግ ዘመን ተዘጋ። ሕክምናን የሚመኝ የከተማው ልጅ ነጭ ጋዋን የሚለብስ ሰው በምን ዓይነት ሥራ ቀኑን እንደሚያሳልፍ ለማየት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በ1986ቱ ፖሊሲ መሠረት ምርጫው የሚደረገው 10ኛ ክፍል ሲያበቃ ነው ተባለ። ይሁን እንጂ ከ1993 ዓ.ም. እስከ 2011 ዓ.ም. በዚያ በር ላይ የቆመው ብሔራዊ ፈተና ነበር። ነጥብ የመጣለት ወደ መሰናዶ ያልፋል፤ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል። እንግዲህ ፖሊሲው ዝንባሌ ያለው በተግባር ነጥብ ሆነ ማለት ነው። ብረት መበየድ የሚወድ ልጅ በፊዚክስ ጥሩ ካመጣ ወደ ሙያ ትምህርት ቤት መሄድ እንደ ውርደት ይቈጠርበታል፤ ብረት ነክቶ የማያውቀው ደግሞ ነጥቡ ስላነሰ ብቻ በያጅ ሁን ይባላል። ከዚያ በኋላ ሙያ ለምን ተናቀ ብለን በየስብሰባው መጠየቃችን ያስገርመኛል። የናቀው ሥርዓቱ ራሱ ነው፤ ለወደቀ ሰው መድረሻ አድርጎ አስቀምጦታልና።

ላለፈውስ ቢሆን ምን ተሰጠው? 11ኛ ክፍል ሲገባ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ እኛ ተማሪዎች ናቹራልና ሶሻል የምንላቸውን። ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለሚመለከት እዚህ ላይ ትልቅ እንቆቅልሽ አለ። በመሰናዶው ዘመን ሶሻልን ለሚመርጥ ተማሪ ከሚጠብቁት ትምህርቶች ኢኮኖሚክስና ጄኔራል ቢዝነስ ነበሩ፤ ናቹራልን ለሚመርጥ ደግሞ ቴክኒካል ድሮዊንግ። ሦስቱም በ9ኛና በ10ኛ ክፍል አልነበሩም። ስለዚህ ተማሪው የመረጠው አይቶት የማያውቀውን ነው። ገበያ ወጥቶ ጤፍ የሚገዛ ሰው እንኳ ከጆንያው ዘግኖ በመዳፉ ያያል፤ የአንድ ልጅ የዕድሜ ልክ ሙያ ግን ጆንያው እንደ ተሰፋ ይገዛ ነበር።

ያላየውን ነገር የሚመርጥ ሰው የግድ ሌላ መለኪያ ይፈልጋል። በዩኒቨርሲቲ ምደባ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ 70 በመቶ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ ለኅብረተሰብ ሳይንስ የሚለው ድርሻ ለዓመታት ሲሠራበት፣ መለኪያው ይኸው ሆነ። ቦታው ብዙ ወዳለበት ሂድ! የመንግሥትን ዓላማ አልቃወምም፤ መሐንዲስ የሚያስፈልገው አገር መሐንዲስ ማሠልጠን ይገባዋል። ነገር ግን ቁጥሩ ከላይ ሲወርድ በየትምህርት ቤቱ ምን መልክ እንደሚይዝ በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። እኔ በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፣ የክፍሎቹ ብዛት አስቀድሞ ተወስኖ ነበር፤ ለናቹራል ሦስት፣ ለሶሻል አንድ። ቅጽ ተሰጠን፤ ሞላን፤ ከዚያም በደረጃችን ተደለደልን። ታሪክን እንደ ነፍሱ የሚወድ አንድ ጓደኛዬ ከክፍሉ ሁለተኛ ስለ ወጣ፣ መምህራኑ ጭንቅላትህን አታባክን ብለው መክረው ናቹራል አስገቡት። ምክራቸው ከፍቅር የመነጨ ነበር፤ ይህን አልክድም። ዛሬ እሱ ባልመረጠው ሙያ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው፤ በመጽሐፍ ቤት ሳገኘው ግን የሚያነበው አሁንም ታሪክ ነው።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አንዳንዱን አርሟል። ኢኮኖሚክስ ወደ 9ኛ ክፍል ወርዷል፤ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂም አለ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ቀርቷል። ይህ ሁሉ ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም የተደረገው በሙሉ መጨመር እንጂ መምረጥ አይደለም። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከአሥር በላይ የሆኑ ትምህርቶች ተሸክሟል፤ ከእነዚያ መካከል እኔ የያዝኩት ነው የሚለው አንድም የለውም። ሁሉን በጥቂቱ ያያል፤ በአንዱም ላይ ረጅም ጊዜ አይቈይም።

የመቂን ነገር እዚህ ላይ ላንሣ። በመቂና በባቱ ዙሪያ ያለ ልጅ በሞተር ፓምፕ ድምፅ ያድጋል። ሽንኩርትና ቲማቲም በሐይቁና በወንዙ ውኃ ይለማል፤ ደላላ ዋጋ ሲጥልና ሲያነሣ ልጁ በአባቱ ፊት ላይ ያነባል። በባቱ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፉት የአበባ እርሻዎች ደግሞ ብዙ ሺህ ሠራተኛ ይዘዋል። ይህ ልጅ ግብርና የሚባል ትምህርት በመማሪያ መጽሐፍ የሚያገኘው 11ኛ ክፍል ሲደርስ ነው፤ እሱም ናቹራልን ከመረጠ። ሶሻልን ከመረጠ እርሻ አያገባውም! የሽንኩርት ዋጋ ለምን በአንድ ሳምንት እንደሚወድቅ ማወቅ የሚፈልገውና ሽንኩርቱን የሚያደርቀውን በሽታ ማወቅ የሚፈልገው በሁለት ክፍል ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ በአባታቸው ማሳ ላይ ግን ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ናቸው።

አዳማም ከዚህ አትሻልም። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባሉት ኮረብታዎች ላይ 51 ሜጋ ዋትና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተተክለዋል፤ ተማሪው በክፍሉ መስኮት ክንፋቸው ሲዞር ያያል። በዚያችው ከተማ የቴክኒክ መምህራንን ያሠለጥን የነበረው ኮሌጅ አድጎ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። እንግዲህ ኮረብታው ላይ ማሽን፣ ከታች ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በመካከላቸው ያለው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን አንድ አምፖል እንኳ በራሱ እጅ ገጥሞ የሚያበራበት ክፍለ ጊዜ የለውም። የኤሌክትሪክን ሕግ በቃሉ ይወጣዋል።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ተሻሽሏል፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሷል። ይህን ውድቀት የምርጫ ትምህርት አለመኖር አመጣው የሚል ድፍረት የለኝም፤ ምክንያቱ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የሚቈጠር ብዙ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ያሳየናል። ሥርዓቱ ሁሉንም ተማሪ ወደ አንድ በር ሲያሰልፍ፣ በሩ ላይ የሚቀሩት ከ100 ከ90 በላይ ናቸው። ለእነዚህ ልጆች 9ኛና 10ኛ ክፍል ለሌላ ነገር መንደርደሪያ ብቻ ሆኖ ካለፈ፣ ምን ይዘው ይወጣሉ?

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ የ15 ዓመት ልጅ ምን ያውቃልና ይመርጣል የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ያው ልጅ አንድ ዓመት ዘግይቶ ቀሪ ሕይወቱን የሚወስን ቅጽ እንደሚሞላ የዘነጉ ይመስለኛል። እኔ የምለው አስቀድሞ ይወስን አይደለም፤ ይልቁንም ከመወሰኑ በፊት ደጋግሞ ይሳሳት ነው። በግማሽ ዓመት አንዱን ይዞ፣ ባይስማማው በሚቀጥለው ግማሽ ዓመት ሌላውን ቢይዝ የሚጐዳው ማንም የለም። ጎረቤታችን ኬንያ በአዲሱ ሥርዓቷ ለ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ተማሪዎች የቴክኒክ መንደርደሪያና ግብርና አስቀድማ ትሰጥና፣ ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ በሦስት መንገድ ትለያቸዋለች፤ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ የኅብረተሰብ ሳይንስ፣ ኪነ ጥበብና ስፖርት። መንገዱን በመተግበር ምን ያህል እንደ ተቸገሩ እነሱ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል ነው። ከመለየት በፊት መቅመስ አለ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ የገንዘብና የመምህር ነገር። የ1950ዎቹ ወርክሾፖች የደከሙትም በዚሁ ነበር። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አምስት ዓይነት ወርክሾፕ ይሠራ የሚል ሐሳብ ዛሬም አይሆንም። ነገር ግን አምስቱ ለምን በአንድ ቦታ ይፈለጋሉ? ሻሸመኔ የአራት መንገድ መገናኛና የገበያ ከተማ ናት፤ እዚያ የንግድ ሥራና መዝገብ አያያዝ ይሁን። ለአዳማ የኤሌክትሪክና የጋራዥ ሥራ፣ ለመቂ የመስኖና የፓምፕ ጥገና ይበቃል። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ከአሥር በላይ ከሆኑት ትምህርቶች ላይ ተቀንሶ ቢገኝ፣ ሁለት ወይም ሦስት ምርጫ ማቅረብ የማይችል ትምህርት ቤት ጥቂት ነው። ነጥቡም በደረጃ አወጣጥ ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ፤ ነጥብ በገባበት ቦታ ሁሉ ምርጫ ስሌት ይሆናልና።

የሚያስቸግረው መምህሩን ማግኘቱ ነው። በመቂ ገበያ ዳር ማንኛውንም ፓምፕ ፈትቶ የሚገጥም ሰው አውቃለሁ። ትምህርቱን ከ8ኛ ክፍል ያቋረጠ ነው፤ በየቀኑ ሦስት አራት ልጆች ከበውት ያያሉ፤ ሳይሰለች ያስረዳቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ክፍል ቢገባ በምን ማዕረግ ይቆማል፣ ደመወዙስ ከየት ይከፈላል፣ ዲግሪ የያዘው መምህር በአጠገቡ ሲቆም ምን ይሰማዋል፤ እነዚህን ጥያቄዎች በሚመጣው እትም ከትምህርት ክፍል ተማሪዎች አንዱ ቢያነሣቸው፣ ወይም ከመምህራኖቻችን አንዱ መልስ ቢሰጡበት፣ ደስ ይለኛል።