ባለ ሁለት ዓምድ ደብተር፦ ስለ ሥነ ጽሑፍ ስያሜዎች አቻነት

ይህችን አጭር ጽሑፍ ያጻፈኝ ከድሬዳዋ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ መልካ ጀብዱ ውስጥ ያየሁት አንድ የተማሪ ደብተር ነው። የእኅቴን ልጅ ለእንግሊዝኛ ፈተና ሳስጠናው ገጹን በመስመር ለሁለት ከፍሎት አገኘሁ። በግራው ዓምድ የእንግሊዝኛ ስያሜዎች፣ በቀኙ ደግሞ የአማርኛ አቻዎቻቸው ናቸው የተባሉ ቃላት ተደርድረዋል። ሲሚሊ፦ ተነጻጻሪ ዘይቤ፤ ሜታፎር፦ ተለዋጭ ዘይቤ፤ ፐርሶኒፊኬሽን፦ ሰውኛ ዘይቤ፤ አይረኒ፦ ምጸት፤ ፐን፦ ሰምና ወርቅ፤ አፖስትሮፊ፦ ጭረት። ዝርዝሩን በቃሉ ይወጣዋል። አንድ አንቀጽ ሰጥቼ «ከእነዚህ የትኛው አለበት?» ስለው ግን ዝም አለ።

የዝምታው ምክንያት ስንፍና አይመስለኝም። ልጁ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ሲፈራረቁ እየሰማ ያደገ ነው። ከገበያ ሲመለስ «ፀሐይዋ ስትገርፈን ዋለች» ይላል። ዋጋ ያናረበትን ነጋዴ «በነጻ ሰጠኸኝ እኮ!» ብሎት ይሄዳል። ዘይቤውን ያውቀዋል፤ የማያውቀው ስያሜው ዘይቤውን እንደሚመለከት ነው። በእኔ እምነት ጥፋቱ ያለው ስያሜን ከስያሜ ጋር በእኩልነት ምልክት ከማሰሩ ላይ ነው። ከዝርዝሩ ሦስቱን ብቻ አንሥቼ ይህን ላሳይ።

የመጀመሪያው ግልጽ ስሕተት ነው። አፖስትሮፊ በእንግሊዝኛ የሥርዓተ ነጥብ ምልክትም የዘይቤም ስም ስለሆነ ልጁ ምልክቱን ይዞ ዘይቤውን ጥሏል። የግሪክኛው ቃል «ዞር ማለት» ማለት ነው፤ ተናጋሪው ከአድማጮቹ ዞር ብሎ የሌለውን ወይም የማይሰማውን ሲያናግር የተሰጠ ስም ነው። የእኛ መማሪያዎች ይህንኑ እንቶኔ ዘይቤ ይሉታል። ልጁ «እንቶኔ»ን ሲሰማ ሳቀ፤ ስሙ ያልተጠራ ሰው መጥሪያ መሆኑን ያውቃልና። አልቃሽ በሙሾዋ ሟቹን ፊት ለፊት እንዳለ ሰው ስታናግር ሰምቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። ከዚያ በኋላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ሁለተኛው አቻ ስሕተት ባይሆንም ጠባብ ነው። ምጸት በአማርኛ ጆሮ ሽሙጥና ስላቅ አለበት፤ የሚያላግጥ ተናጋሪ ይፈልጋል። አይረኒ ግን ማንም ሳያላግጥ፣ ሰው ካሰበው ተቃራኒውን በገዛ እጁ ሲያመጣም ይኖራል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር እናስታውስ። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል አጥተው ጠያቂዎቿን ይመልሳሉ፤ በዛብህን ግን እንዲያስተምራት እሳቸው ራሳቸው ወደ ቤታቸው ያስገባሉ። እዚያ ላይ የሚያሾፍ ሰው የለም፤ አይረኒው ያለው ከታሪኩ አካሄድ ውስጥ ነው። «አይረኒ ማለት ምጸት ነው» ብሎ የሸመደደ ተማሪ ሽሙጥ ሲፈልግ ይህን ታላቅ ቦታ ሳያየው ያልፋል።

ሦስተኛው ቦታውን የሳተ ነው። ፐን በአንድ ቃል ሁለት ትርጉም መጫወት ነው። ይህን በትክክል የሚጠራው የቅኔ ቤት ስም ኅብር ነው። በብዙኃኑ አነጋገር ሰምና ወርቅ ኅብርንም ይጨምራል፤ የቅኔ መምህራን ግን ይለዩዋቸዋል። ሰምና ወርቅ ምሳሌውንና የሚመሰልለትን ነገር ጎን ለጎን ማቆም ነው። ይህ ልዩነት ጥቃቅን ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም። እንግሊዛዊው ሐያሲ አይ. ኤ. ሪቻርድስ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ለሜታፎር ሁለት ክፍሎች የተለመደ መጠሪያ አለመኖሩ ቸግሮት ቴነር እና ቪሂክል የሚሉ ስሞች አወጣላቸው። የሚነገርለት ነገር ቴነር፣ የሚነገርበት ምስል ቪሂክል ነው። የእኛ ባለ ቅኔዎች ወርቅና ሰም የሚሉት ከዚህ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ አንባቢ ልብ ይሏል። ተማሪያችን ሜታፎርን የሚፈታበት ቁልፍ በእጁ ሳለ፣ ቁልፉን ከፐን ትይዩ ጽፎ አስቀምጦታል።

ይህን ስል የአማርኛ ስያሜ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በደበበ ሰይፉ ስም የሚጠቀሰው መቼት «መቼ»ንና «የት»ን በአንድ ቃል አስሮ ይዟል፤ ቃሉን የሰማ ተማሪ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። ጥሩ ስያሜ ጥያቄ ያስጠይቃል። ስያሜዎቹ የሚለያዩበት ቦታም ያስተምራል። ሜታፎር በግሪክኛው ማሻገር ነው፤ ስም ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ይሻገራል። ተለዋጭ ስንል ግን ነገሩ ራሱ ሌላ ሆኖ ይታየናል። ሁለቱ ስሞች አንዱን ዘይቤ ከሁለት ወገን ያዩታል፤ ተማሪው ሁለቱንም ቢያይ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

ፈተና ዝርዝር እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ ደብተሩንም ቅደደው አላልሁም። በሁለቱ ዓምዶች መካከል ሦስተኛ ዓምድ አሠምሬ ከሰፈሩ የሰማውን እንዲጽፍበት ነገርሁት። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ ጀብዱ ግን በአማርኛ ጆሮ የጀግና ሥራ ነው። ልጁ እስክሪብቶውን አንሥቶ «አጎቴ፣ መልካ ጀብዱ መኖር ራሱ ጀብዱ አይደል?» አለኝ። እንደ ቀልድ ነበር የተናገረው። «እሱን ከየትኛው ስያሜ ጎን ትጽፈዋለህ?» አልሁት። ጥቂት አሰበና ሰምና ወርቅ የሚለውን ሰርዞ ኅብር ብሎ ጻፈ።