ከዲፕሎማው ወዲያ ስላለው ትምህርት
የጄምስ ሄሪየት መጽሐፍ እንደ ሙያ መሪ ሲመረመር

አንድ ወጣት የሕይወቱን ሥራ በሚመርጥበት ጊዜ ምክር የሚያገኘው ከመምህራኑና ከዘመዶቹ ብቻ አይደለም። በልጅነቱ ያነበበው አንድ መጽሐፍ ከነዚህ ሁሉ በልጦ የሚመራው ጊዜ አለ። በእንስሳት ሕክምና ሙያ ረገድ እንደዚህ ያለ ኃይል ያለው ድርሰት ይጠቀስ ቢባል፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የጄምስ ሄሪየት ትረካ ነው። የመጀመሪያው ክፍል «ምነው መናገር በቻሉ» በሚል ስም በ1970 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በእንግሊዝ አገር ታተመ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። ሁለተኛው በ1972 ተከተለ፤ በዚያው ዓመትም ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ጥራዝ ሆነው «ታላላቅና ታናናሽ ፍጥረታት ሁሉ» ተብለው በአሜሪካ ወጡ። ከ1978 እስከ 1990 በቴሌቪዥን ቀርበው ነበር፤ በ2020ም እንደገና በአዲስ መልክ መታየት ጀመሩ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መጽሐፉ ያስቃል ወይስ አያስቅም ብሎ መፍረድ አይደለም፤ ማሳቁን የሚክድ የለም። የሚመረመረው ነገር ሌላ ነው። መጽሐፉን አንብቦ «እኔም የእንስሳት ሐኪም እሆናለሁ» ብሎ ለሚነሣ ተማሪ ስለ ሙያው የሚሰጠው ምሪት ትክክል ነውን? ይልቁንም ተማሪው ተመርቆ ብቻውን ሥራ ላይ ከቆመ በኋላ ስለሚጠብቀው ትምህርት ምን ይነግረዋል?

ደራሲው በእውነተኛ ስማቸው ጄምስ አልፍሬድ ዋይት ይባላሉ። በ1916 በሰንደርላንድ ተወለዱ፥ ያደጉት ግን በግላስጎ ከተማ ነው፤ በ1939 መጨረሻም ከግላስጎ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ። በ1940 በዮርክሽር ክፍለ ሀገር ተርስክ በምትባል ትንሽ ከተማ ከዶናልድ ሲንክሌር ጋር ሥራ ያዙ፤ እስከ እርጅናቸውም ከዚያው አልተነሡም። በመጽሐፉ ውስጥ ተርስክ «ዳሮቢ»፥ ሲንክሌርም «ሲግፍሪድ ፋርነን» ተብለዋል። ዋይት በብዕር ስም የጻፉት በዚያ ዘመን አንድ ሐኪም ስሙን ለሕዝብ ማስተዋወቁ በሙያው ደንብ እንደ ነውር ይቈጠር ስለነበረ ነው። እንግዲህ መጽሐፉ ልብ ወለድ መልክ ቢኖረውም የጻፈው ሙያውን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ስለዚህም በሙያው ሚዛን ብንመዝነው በደል አይሆንበትም።

መጽሐፉ የሚከፈተው በሌሊት በአንድ በረት ውስጥ ነው። ወጣቱ ሄሪየት እስከ ወገቡ ተራቍቶ በድንጋዩ ወለል ላይ በደረቱ ተኝቷል፤ በሩ ክፍት ስለሆነ በረዶው ጀርባው ላይ ያርፋል፤ እርሱ ግን ምጥ የጠናባትን ላም ለማዋለድ ይታገላል። በዚህ ጊዜ ትዝ የሚለው በትምህርት ቤት መጽሐፉ ላይ ያየው ሥዕል ነው። በዚያ ሥዕል ላይ ሐኪሙ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ያለ ጭንቀት ያዋልድ ነበር። ደራሲው ይህን ትዕይንት በመጀመሪያው ገጽ ማስቀመጣቸው ዝም ብሎ አይደለም። የሙሉው መጽሐፍ መልእክት በዚህ ውስጥ ተጠቃሏል፤ ይኸውም ኮሌጁ የሚሰጠው ሥዕሉን ነው፥ በረቱን ግን ሐኪሙ ራሱ መማር አለበት የሚል ነው። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ምክር ሊሰጠው አይችልም።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የባላባቱ ፈረስ ታሪክ ነው። ሄሪየት ሥራ ከጀመረ ብዙም አልቈየም፤ አለቃው ሲግፍሪድ ከቤት ወጥቷል፤ አንድ ዋጋው የከበደ ፈረስ ታሞ በማታ ተጠራ። ሲመረምረው አንጀቱ ተጠምዝዟል ብሎ አመነ፤ በዚያ ዘመንም ለዚህ ሕመም መድኃኒት አልነበረም። የፈረሶቹ ኃላፊ እየተቈጣና እየዛተበት ሳለ ፈረሱ ከሥቃይ እንዲያርፍ በጥይት ገደለው። ሲግፍሪድ ተመልሶ ነገሩን ሲሰማ አልነቀፈውም፤ የፈረሱም ሬሳ ተከፍቶ ሲታይ ፍርዱ ትክክል ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። አንደኛው የሄሪየት ድፍረት ነው፤ አንባቢው የሚያደንቀውም ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ግን በማግሥቱ የተደረገው ሥራ ነው። አንድ ታላቅ ሐኪም ታናሹ የፈረደውን ፍርድ ሬሳ ከፍቶ አብሮት ተመለከተ። ታናሹ ያወቀውን በእርግጥ ማወቁን የተማረው በማታው ተኩስ ሳይሆን በማግሥቱ ምርመራ ነው። በእኔ አስተያየት በሙሉው መጽሐፍ ውስጥ ስለ በሥራ ላይ ትምህርት የተጻፈው ከሁሉ የከበረው ስፍራ ይህ ነው፤ ነገር ግን ደራሲው ፈጥነው ያልፉታል። የሚያስታውሰን ተኩሱን እንጂ ምርመራውን አይደለም።

መጽሐፉ ሙያው ራሱ በሐኪሙ እጅ እየተለወጠ መሄዱንም በሚገባ ያሳያል። ሄሪየት ኮሌጅ በነበረበት ጊዜ የትምህርቱ ዋና መሠረት ፈረስ ነበር፤ ወደ ሥራ ሲወጣ ግን የእርሻው ፈረስ በትራክተር እየተተካ ነበር። በመድኃኒት ቤቱ ውስጥ ለማንኛውም የከብት በሽታ ይሰጥ የነበረ፥ ሽታው ከጥቅሙ የበለጠ መድኃኒት በጠርሙስ ተደርድሮ ነበር። ቀጥሎም ሰልፎናማይድ የሚባሉት ክኒኖች መጡ፤ ሊሞቱ የተቃረቡ ጥጆችም ሲነሡ አየ። ከዚያም ፔኒሲሊን ተከተለ። በ1939 የተመረቀ ሐኪም በኮሌጅ የተማረውን ብቻ ይዞ ቢቀመጥ ኖሮ በ10 ዓመት ውስጥ የድሮ ሐኪም ይሆን ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ትንንሾቹ እንስሳት እንለፍ፤ የመጽሐፉ ጉድለት ይበልጥ የሚታየው በዚህ በኩል ነውና። በዳሮቢ እንጀራ የሚገኘው ከላምና ከበግ፥ ከፈረስና ከዐሣማ ነው። ውሻና ድመት ከሥራው ዳር ያሉ፥ ብዙ ጊዜም የሣቅ ምክንያቶች ናቸው። ከነዚህም መካከል ዝነኛው ወይዘሮ ፓምፍሪ የሚባሉት ባለጸጋ ባልቴት የሚያሳድጉት ትሪኪ ዉ የተባለው ውሻ ነው። ወይዘሮዋ በጣፋጭ ምግብ አወፍረውት ሊሞት ይደርሳል። ሄሪየት ምግብ እንዲቀንሱለት ደጋግሞ ይመክራል፥ አይሰሙትም፤ በመጨረሻ ውሻውን ወደ ሐኪሞቹ ቤት ወስዶ ለሁለት ቀን ከውሃ በቀር ምንም ሳይሰጠው ከሌሎች ውሾች ጋር ያስሮጠዋል። ውሻው ይድናል። በዚህ መካከል ወይዘሮዋ ለውሻው ማገገሚያ እያሉ በመጀመሪያ እንቍላል፥ ቀጥሎ ወይን፥ ኋላም ብራንዲ ሲልኩ ሐኪሞቹ ይበሉታል፥ ይጠጡታል።

ታሪኩ ያስቃል፤ እንደ ሙያ ትምህርት ግን ጎደሎ ነው። ውሻው የዳነው ከባለቤቱ እጅ ስለወጣ ነው። የተመለሰው ግን ወደዚያው ማዕድ ቤት ነው። ውሾችንና ድመቶችን በሚያክም ሐኪም ዘንድ ከሥራው ግማሹ ከባለቤቱ ጋር መነጋገር ነው። ምግብ የሚሰጠው፥ መድኃኒቱን የሚያውጠው፥ ሂሳቡንም የሚከፍለው ባለቤቱ ነውና። ሄሪየት ወይዘሮዋን ማስረዳት አልቻለም፤ መጽሐፉም ይህን አለመቻል የሣቅ ምንጭ ያደርገዋል እንጂ የሚማሩት ጥበብ መሆኑን አይነግረንም።

በእርግጥ በ1974 በወጣው «ቀንበር የገባው ሐኪም» በተባለው ክፍል ግራንቪል ቤኔት የሚባል ሐኪም ይመጣል። ይህ ሰው የሚሠራው በትንንሽ እንስሳት ብቻ ነው፤ መሣሪያው አዲስ፥ እጁም የሠለጠነ ነው። ሄሪየት ከአቅሙ በላይ የሆነበትን ውሻ በመኪና ይዞ ወደ እርሱ ይሄዳል፤ ቤኔትም ሲሠራ ያያል። ከዚህ የምናገኘው ቁም ነገር ትልቅ ነው፤ አላውቅም ብሎ ወደሚያውቅ መሄድ ሙያን አያዋርድም። ነገር ግን ሄሪየት ሲግፍሪድንም ሆነ ቤኔትን ያገኘው በዕድሉ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ትምህርት የሚገኘው መልካም ሰው በመንገድ ላይ ሲያጋጥም ነው። ክፉ አለቃ የገጠመው፥ ወይም አለቃ የሌለው ወጣት ምን ያድርግ? መጽሐፉ መልስ የለውም።

መልሱን የሰጠው ሙያው ራሱ ነው። በብሪታንያ የትንንሽ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በ1957 ተቋቋመ፤ ከ1960 ጀምሮም የሙያው መጽሔት ይታተማል። የእንስሳት ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ከ2020 ጀምሮ እያንዳንዱ ሐኪም በዓመት 35 ሰዓት እንዲማርና እንዲመዘግብ አዟል፤ ከዚያ በፊት መጠኑ በሦስት ዓመት 105 ሰዓት ነበር። አዲስ ተመራቂዎችንም በሚመለከት ከ2021 ጀምሮ በሥራ ቦታቸው አንድ መካሪ እንዲመደብላቸው የሚያደርግ ሥርዓት ተተክሏል። ይህ ሥርዓት በሌላ አነጋገር ለእያንዳንዱ ወጣት አንድ ሲግፍሪድ ይገኝለት ማለት ነው።

አንዳንዶች «ልብ ወለድን በደንብ አንቀጽ መክሰስ አግባብ አይደለም» ይሉ ይሆናል። ልክ ነው፤ እኔም ደራሲው ስለ ሰዓት ቍጥር ለምን አልጻፉም አልልም። እንዲያውም መጽሐፉ በበኩሉ ደንቡን ይተቸዋል። ሰው 35 ሰዓት በአዳራሽ ተቀምጦ ንግግር ቢሰማ ሰዓቱ ይሞላለታል፤ በሌሊት በበረቱ ውስጥ ግን አይረዳውም። የፈረሱን ሬሳ አብሮ ከፍቶ የሚያይ ታላቅ ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ደንብ ያለ መካሪ ባዶ ነው፤ መካሪም ያለ ደንብ የዕድል ነገር ነው። መጽሐፉ የሚያውቀው አንደኛውን ግማሽ ብቻ ነው።

ሌላው ሳይነገር የቀረ ነገር ይብሳል። ልጃቸው ጂም ዋይት በ1999 ባሳተሙት የአባታቸው ታሪክ ውስጥ፥ አባታቸው በ1960 ገደማ በብርቱ የመንፈስ ጭንቀት ታመው እንደታከሙ ጽፈዋል። ሴት ልጃቸውም የእንስሳት ሐኪም ለመሆን ስትመኝ፥ ሥራው ለሴት ይከብዳል ብለው ስላግባቧት የሰው ሐኪም ሆናለች። ያን ያህል አንባቢ ወደ ሙያው የሳቡት ሰው የገዛ ልጃቸውን መልሰዋል ማለት ነው። ዛሬ በብሪታንያ ከእንስሳት ሐኪሞች የሚበዙት ሴቶች ስለሆኑ ምክሩ በጊዜ ተሽሯል። ስለ ሥራው ክብደት የነበራቸው ፍርሃት ግን ከንቱ አልነበረም። በዚያ አገር ራሳቸውን የሚገድሉ የእንስሳት ሐኪሞች መጠን ከሌላው ሕዝብ ከሦስት እጥፍ እንደማያንስ በጥናት ተገልጿል። ደራሲው ይህን ጨለማ ከመጽሐፋቸው ማስቀረታቸው መብታቸው ነው፤ መጽሐፉን እንደ ሙያ መሪ አድርጎ ለተማሪ የሚሰጥ መምህር ግን ዝም ማለት አይገባውም።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይምሰለን። በቢሾፍቱ የሚማረው የእኛ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጠናው ላምና በግ፥ ፍየልና አህያ ነው፤ የአገሪቱ ኑሮ ይህን ስለሚጠይቅ ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ውሻና ድመት ላክም ብሎ የሚነሣው ግን ፈረስ ተምሮ ሌላ ሥራ እንደጠበቀው እንደ ሄሪየት ነው። በወረዳ የሚመደበውም ቢሆን በሌሊት ብቻውን የሚፈርድበት ጊዜ ይመጣል። ይህን መጽሐፍ ለነዚህ ወጣቶች ስንሰጥ «ደፋር ሁኑ» ብለን ብቻ ብንሸኛቸው ግማሹን ሰጠናቸው። ሌላው ግማሽ የሚጠየቀው ከእኛ ነው፤ ይኸውም በማግሥቱ ጠዋት አብሯቸው ቆሞ የሠሩትን የሚያይላቸው ሰው ነው።