አዲስ የሊኑክስ ሥርጭት ጉልበት መበተን ነውን?

አዲስ የሊኑክስ ሥርጭት በወጣ ቁጥር «ይህ ሁሉ ጉልበት ባንድ ሥራ ላይ ቢውል ኖሮ» የሚል ወቀሳ ይሰማል። ሥርጭት ማለታችን፥ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ያወጣውን ከርነል ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋራ አሰናድቶ ለተጠቃሚው የሚያቀርበውን ነው።

ወቀሳው ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን ፈቃደኛ ሠራተኛ እንደ ቀን ሠራተኛ ከሥራ ወደ ሥራ የሚዛወር አይደለም። የራሱን ሥርጭት እንዳይሠራ ቢከለከል፥ በማግሥቱ የከርነሉን ስሕተት ለማረም ይቀመጣል ማለት ዘበት ነው። ደግሞም ሥራው ሁሉ አይደገምም፤ በዴቢያን ውስጥ አንድ ጊዜ የተሰናዳው አቢሲኒካ የተባለው የግእዝ ፊደል ከዴቢያን ወደ ተወለደው ወደ ኡቡንቱ ይሻገራል።

ጉዳት የለም ማለታችን ግን አይደለም። ስሙና የገጹ ሥዕል ብቻ ተለውጦ ወጥቶ፥ ሠሪው ሲሰለች የሚጣል ሥርጭት አለ። እንዲህ ያለውን የያዘ ተጠቃሚ የደኅንነት ማሻሻያ ሲቋረጥበት የሚነግረው እንኳ አያገኝም። ስለዚህ አዲስ ሥርጭት ሲቀርብልን መጠየቅ የሚገባን፥ በሦስተኛው ዓመት ማሻሻያውን ማን ይልካል? ብለን ነው።

ነገሩን የሴንቶስ ታሪክ ይገልጠዋል። ሴንቶስ ከ2004 ጀምሮ ከሬድ ሃት ኩባንያ ምንጭ ኮድ እየተሠራ በነጻ ይታደል ነበር፤ በ2014 ከኩባንያው ጋራ ተጣመረ። እስከ 2029 ይጠበቃል የተባለው ሴንቶስ 8 ግን በ2021 መጨረሻ እንዲቆም በዲሴምበር 2020 ተነገረ። ሰርቨሮቻቸውን በእርሱ ላይ የመሠረቱ ሰዎች ምን ይዋጣቸው? የደረሱላቸው አዳዲስ ሥርጭቶች ናቸው፤ አልማ ሊኑክስ በማርች 2021፥ ሮኪ ሊኑክስ በጁን 2021 ወጡ። የሥርጭትን መብዛት የሚነቅፉ ሰዎች ያን ጊዜ ምን ሊመክሩ ኖሯል?

ከሁለቱ አንዱ ይበቃ ነበር የሚል አይጠፋም፤ በ2021 ይህ ቃል ሚዛን ነበረው፤ ሁለቱም ያንኑ ቅጅ ይሠሩ ነበርና። ዳሩ ግን በጁን 2023 ሬድ ሃት ምንጭ ኮዱን በይፋ የሚያወጣበትን በር አጠበበ። ሮኪ በቅጅነቱ ሲጸና፥ አልማ ፍጹም ቅጅ መሆንን ትቶ የሬድ ሃት ፕሮግራሞች በእርሱም ላይ እንዲሠሩ ማድረግን ብቻ ዓላማው አደረገ። ከዚያ ወዲህም ሬድ ሃት እስኪያርም ሳይጠብቅ ስሕተትን ለማረም ችሏል፤ ቅጅ ሆኖ ቢቀር ይህ ባልተቻለው ነበር።